ከታክስ ጠረጴዛ ወደ ሲሪስ 65፦ የአንዲት የኢንቨስትመንት አማካሪ እጩ የፈተና ዝግጅት

ባለጉዳይዋ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የታክስ ማመልከቻ በመሙላት ሥራ የሚተዳደሩ፣ ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ለዓመታት ያገለገሉ፣ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የጥናት ማስታወሻዎቻቸውንና የፈተና ውጤታቸውን እንድመለከት ፈቅደውልኛል፤ በጠየቁት መሠረት ስማቸውም ሆነ የቢሯቸው ስም አልተጠቀሰም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ወሮችና ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዳዩ መነሻ

ደንበኞቻቸው በአብዛኛው የታክሲና የኡበር አሽከርካሪዎች፣ ነርሶች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞችና የአነስተኛ ሱቅ ባለቤቶች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ታክሳቸውን አሠርተው ከጨረሱ በኋላ ከወንበሩ ሳይነሱ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከታክስ ይልቅ ወደ ቁጠባና ወደ ጡረታ ያዘነብላሉ፤ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የቀረው የፎር-ኦ-ዋን-ኬ የጡረታ ሒሳብ ወዴት ይዛወር፣ ለልጅ ኮሌጅ በየትኛው ዘዴ ይቀመጥ፣ አገር ቤት ካለ ባንክ አክሲዮን መግዛት ያዋጣ እንደሆነ የሚሉ ናቸው። ባለጉዳይዋ ለረጅም ጊዜ ጠቅላላ የሆነ መልስ በመስጠት ያልፉት ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ2023 አንድ በዕድሜ የገፉ አሽከርካሪ፣ "እህቴ፣ በዓመት የምትዪውን ልክፈልሽና የጡረታ ገንዘቤን አንቺው ተከታተዪልኝ" ባሏቸው ጊዜ ነው።

በአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው የኢንቨስትመንት አማካሪ ነው የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ስለ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ (አክሲዮን፣ ቦንድና የመሳሰሉት) ምክር መስጠቱ፣ ይህንንም እንደ ሥራ መያዙ፣ ለዚህም ክፍያ መቀበሉ። ሕጉ የሒሳብ ባለሙያዎችን፣ ጠበቆችን፣ መምህራንንና መሐንዲሶችን ከዚህ ትርጓሜ ውጭ የሚያደርጋቸው ምክሩ ለዋናው ሙያቸው ተጓዳኝ ብቻ ሆኖ ሲገኝ ነው። አሽከርካሪው ያቀረቡት ክፍያ ከታክስ ሥራው ተነጥሎ ለምክሩ ብቻ የሚከፈል ስለሆነ ተጓዳኝ ነው ለማለት አያስችልም። ባለጉዳይዋ ገንዘቡን ተቀብለው ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ያልተመዘገበ አማካሪ ይሆኑ ነበር። ይህን የተረዱት ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጋር ተነጋግረው ሲሆን፣ ሲሪስ 65 ወደተባለው የአማካሪነት ፈተና የገፋቸውም ይኸው ነው።

ለጥንቃቄያቸው ሌላም ምክንያት ነበራቸው። በ2020 የፌዴራሉ የሰነደ ሙዓለ ንዋይና ልውውጥ ኮሚሽን በዚያው በሜሪላንድ አካባቢ፣ በአብዛኛው አፍሪካውያን ስደተኞችን ኢላማ አድርጎ በቤተ ክርስቲያን ትስስር ተስፋፍቷል ባለው የ27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የማጭበርበር ድርጊት ክስ መሥርቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሚሰማበት ማኅበረሰብ ውስጥ በመተማመን ብቻ የሰው ገንዘብ መያዝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለባለጉዳይዋ ማስረዳት አያስፈልግም።

የፈተናው አቋም

ወደ አማካሪነት የሚያስገቡት መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ሲሪስ 7 እና ሲሪስ 66 የተባሉትን ሌሎች ፈተናዎች አጣምሮ ማለፍ አንዱ መንገድ ሲሆን፣ ሲሪስ 7ን ለመፈተን ግን የፊንራ (የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ደላላ ድርጅቶችን የሚቆጣጠር አካል) አባል የሆነ ድርጅት እጩውን ስፖንሰር ማድረግ አለበት። እንደ ሲኤፍፒ እና ሲኤፍኤ ያሉ የሙያ ማዕረጎችን የያዙ ሰዎች በአብዛኛው ከፈተናው ነፃ ይሆናሉ፤ እነዚህን ማዕረጎች ማግኘት ግን ዓመታት ይወስዳል። ሲሪስ 65 ስፖንሰር አይጠይቅም። እጩው ዩ-10 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ 187 ዶላር ከፍሎ፣ በሚከፈትለት የ120 ቀን ጊዜ ውስጥ ቀን ይዞ ይቀመጣል። ፈተናው የሰሜን አሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ አስተዳዳሪዎች ማኅበር ያዘጋጀው ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ግን ፊንራ ነው።

ጥያቄዎቹ 140 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 10ሩ ለሙከራ የገቡና የማይቆጠሩ ሲሆኑ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ተፈታኙ አያውቅም። ከሚቆጠሩት 130 ጥያቄዎች 92ቱን በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። የተሰጠው ጊዜ 180 ደቂቃ ስለሆነ ለአንድ ጥያቄ 77 ሰኮንድ ገደማ ይደርሳል። ከጥያቄዎቹ 20ዎቹ ስለ ኢኮኖሚና ስለ ንግድ መረጃ፣ 32ቱ ስለ ኢንቨስትመንት ዓይነቶች ባሕርይ፣ 39ኙ ለደንበኛ ስለሚሰጥ ምክርና ስልት፣ ቀሪዎቹ 39 ደግሞ ስለ ሕግ፣ ስለ ደንብና ስለ ተከለከሉ ተግባራት የሚጠይቁ ናቸው።

ይህን ክፍፍል በዝርዝር የጻፍሁት ባለጉዳይዋ የጀመሩበት መጽሐፍ ከአንድ ወዳጃቸው በውሰት የተገኘ አሮጌ እትም ስለነበረ ነው። የፈተናው ይዘትና የማለፊያ ነጥቡ በጁን 2023 ተሻሽሏል፤ ከዚያ በፊት ማለፊያው 94 ነበር። በሁለት ነጥብ ልዩነት የሚጎዳ ሰው ባይኖርም፣ መጽሐፉ ስለ ጡረታ ሒሳብ የሚሰጠው መረጃ ሁሉ ያረጀ ነበር። ለምሳሌ ከጡረታ ሒሳብ በግዴታ ገንዘብ ማውጣት የሚጀመርበት ዕድሜ ከ2023 ጀምሮ 73 ሆኗል። የውሰት መጽሐፍ ወጪ ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ በዚህ ፈተና ላይ አይሠራም የሚል አቋም አለኝ።

የመጀመሪያው ዙር

ባለጉዳይዋ የፈተና ጊዜያቸውን ያስከፈቱት በዲሴምበር 2023 መጨረሻ ላይ ነው። 120 ቀን ሲቆጠር እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይደርሳል፤ ይህም ከታክስ ወቅቱ ጋር ሙሉ በሙሉ ይገጥማል ማለት ነው። ጊዜው ካለፈ የተከፈለው ገንዘብ ስለሚቃጠል፣ እስከ እኩለ ሌሊት የደንበኛ ወረቀት እየሠሩ በማርች መጨረሻ ለፈተና ተቀመጡ።

ማስታወሻቸውን ሳገላብጥ ያስተዋልሁት ግን ከድካሙ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት መኖሩን ነው። ደብተሩ ከገጽ እስከ ገጽ በሒሳብ የተሞላ ነው። የባንክ ሰው ናቸውና የሒሳብ መግለጫ ትንተና፣ የወለድና የቦንድ ዋጋ ተቃራኒ ጉዞ፣ የገንዘብ የጊዜ ዋጋ ለእርሳቸው አዲስ አይደለም። ከታክስ ሥራቸውም የተነሣ፣ ከፌዴራል ግብር ነፃ የሆነ 4 በመቶ የሚከፍል የማዘጋጃ ቤት ቦንድ በ24 በመቶ የግብር እርከን ላይ ላለ ሰው ግብር ከሚከፈልበት 5.26 በመቶ ጋር እኩል መሆኑን በቃላቸው ያሰላሉ። ኦፕሽን (ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) እና አኑዪቲ (የመድን ድርጅት በየጊዜው ገቢ የሚከፍልበት ውል) ብቻ አስቸግረዋቸው ነበር። የሕጉን ክፍል ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ጠብቀው "በንባብ የሚያዝ ነው" በሚል አልፈውታል።

አላለፉም። ያላለፈ ተፈታኝ በየክፍሉ ምን ያህል እንደሠራ የሚያሳይ መግለጫ ይደርሰዋል፤ የእርሳቸውም በኢኮኖሚና በኢንቨስትመንት ዓይነቶች ከበቂ በላይ፣ በሕግ ደግሞ ከማለፊያው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ያልጠበቁት ግን በሦስተኛው ክፍል፣ ማለትም ለደንበኛ በሚሰጥ ምክር ላይ የተገኘው ደካማ ውጤት ነው። የዕለት ተዕለት ሥራቸው ይህ ሆኖ ሳለ እንዴት ሊደክሙበት ቻሉ?

የልምምድ ጥያቄዎቻቸውን አብረን ስናያቸው መልሱ ታየን። ጥያቄው ስለ አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው የ68 ዓመት ሴት ሲጠይቅ፣ ባለጉዳይዋ በጥያቄው ውስጥ ያልተጻፈውን ሁሉ ይጨምሩበታል፤ ልጆቻቸው ይረዷቸዋል፣ አገር ቤት የሚልኩት ገንዘብ ይኖራል፣ የሚኖሩበት ቤት ዕዳ አለበት ይላሉ። ይህ በእውነተኛው ጠረጴዛ ላይ ጥሩ አማካሪ የሚያሰኝ ልማድ ነው። ፈተናው ግን የሚፈልገው በተሰጠው መረጃ ብቻ፣ በጊዜ ርዝመት፣ በገቢ ፍላጎትና አደጋን በመሸከም አቅም ላይ ተመሥርቶ ከአራቱ ምርጫዎች የሚሻለውን ለይቶ ማውጣት ነው። መረጃው ካልበቃ ደግሞ ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ "ምክር ከመስጠት በፊት ተጨማሪ መረጃ መጠየቅ" የሚለው ይሆናል። እርሳቸው መረጃውን ከራሳቸው ልምድ ስለሚሞሉት ይህን ምርጫ አይመርጡትም ነበር።

የሕጉ ክፍል

እንደገና ለመፈተን ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ 30 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ከሁለተኛውም በኋላ እንዲሁ፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን 180 ቀን ይሆናል። ባለጉዳይዋ በሠላሳ አንደኛው ቀን ለመመለስ አስበው ነበር። የእኔ ምክር የታክስ ወቅቱ እስኪያልፍና ትንሽ እስኪያርፉ ቆይተው፣ ጥናቱን ከሕጉ እንዲጀምሩ ነበር፤ እርሳቸውም ጁን ላይ አዲስ ቅጽ ሞልተው እንደገና ጀመሩ።

የዚህ ክፍል ችግር የሚጀምረው የየትኛው ሕግ ጥያቄ እንደቀረበ ካለመለየት ነው። ሲሪስ 65 የሜሪላንድን ወይም የቨርጂኒያን ሕግ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በ1956 የተዘጋጀውንና ክፍለ ግዛቶች እንደ አርአያ የሚወስዱትን ወጥ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ሕግ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዙትን የማኅበሩን ሞዴል ደንቦች፣ እንዲሁም የፌዴራሉን የ1940 የኢንቨስትመንት አማካሪዎች ሕግ ነው። በሜሪላንድ ተቆጣጣሪው በዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ክፍል ነው፤ ፈተናው ግን የሚያውቀው "አስተዳዳሪው" የሚባል ስም የለሽ ባለሥልጣን ብቻ ነው። ባለጉዳይዋ ከሜሪላንድ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያነበቡትን እየመለሱ የተሳሳቱባቸው ጥያቄዎች ጥቂት አልነበሩም።

ይህን ልዩነት ለማስጨበጥ የተጠቀምንበት ምሳሌ ማኅበረሰባችን በሚገባ የሚያውቀው ነው። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለህዳሴው ግድብ ግንባታ የሚውል ቦንድ በአሜሪካ ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሸጧል፤ በየከተማው የቅስቀሳ ስብሰባዎች ተደርገዋል፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም ተነግሯል። የፌዴራሉ ኮሚሽን በጁን 2016 እንዳስታወቀው ከ3,100 በላይ የአሜሪካ ነዋሪዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የከፈሉበት ይህ ሽያጭ በኮሚሽኑ ዘንድ ሳይመዘገብ የተካሄደ በመሆኑ፣ ድርጅቱ ወለዱን ጨምሮ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ባለጉዳይዋ ራሳቸው ቦንዱን ገዝተው ስለነበር ነገሩን ያስታውሱታል፤ ሆኖም የተሳሳተው ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት አስበውበት አያውቁም።

አሁን ጥያቄውን በፈተናው አቀራረብ እናንሳው። አሜሪካ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ያላት የውጭ መንግሥት ያወጣው ቦንድ መመዝገብ አለበት ወይስ የለበትም? በሞዴሉ የክፍለ ግዛት ሕግ መሠረት፣ ቦንዱ የአውጪው ተቀባይነት ያለው ግዴታ እስከሆነ ድረስ በክፍለ ግዛት ደረጃ ከመመዝገብ ነፃ ነው። በፌዴራሉ የ1933 የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ሕግ ግን የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ የሚያገኘውን ነፃነት የውጭ መንግሥት ቦንድ አያገኝም፤ ለሕዝብ ሲቀርብ መመዝገብ አለበት። አንድ ሰነድ፣ ሁለት ሕግ፣ ሁለት መልስ። ከምዝገባ ነፃ መሆኑ ደግሞ ማጭበርበርን ከሚከለክለው ድንጋጌ ነፃ አያወጣውም፤ ይህ በፈተናው ውስጥ በተለያየ መልክ ተመላልሶ የሚመጣ ነጥብ ነው። ባለጉዳይዋ ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ የልምምድ ጥያቄ ጠርዝ ላይ ከመመለሳቸው በፊት "ፌዴራል" ወይም "ክፍለ ግዛት" ብለው መጻፍ ጀመሩ።

ሁለተኛው እንቅፋት ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ መለየት ነው። በብሮከር ዲለር (ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ለደንበኞችና ለራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ድርጅት) ስም የሚሸጠው ግለሰብ ኤጀንት ይባላል፤ ምክር የሚሸጠው ድርጅት አማካሪ ይባላል፤ በድርጅቱ ውስጥ ሆኖ ምክሩን የሚሰጠው ግለሰብ ደግሞ የአማካሪው ወኪል ይባላል። አንዱ ባይመዘገብም የሚያልፍበት ሁኔታ ለሌላው አይሠራም። ይህንም በአካባቢው መልክዓ ምድር አጠናነው። ቢሮው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሆነ አማካሪ፣ በሜሪላንድ ቢሮ ሳይኖረው በ12 ወር ውስጥ ከአምስት የማይበልጡ ግለሰብ ደንበኞች በሜሪላንድ ቢያገለግል በሞዴሉ ሕግ መሠረት በሜሪላንድ መመዝገብ አይጠበቅበትም፤ ባንክና መድን ድርጅትን የመሳሰሉ ተቋማዊ ደንበኞችም ከአምስቱ ውስጥ አይቆጠሩም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ከተከራየ ግን ደንበኛው አንድ ቢሆንም መመዝገብ አለበት። ፈተናው "ቢሮ የሌለው" የሚሉትን ቃላት በረጅም ዐረፍተ ነገር መካከል ይቀብራቸዋል፤ ወይም ጨርሶ ያስቀራቸዋል።

ቁጥሮቹን በተመለከተ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። የሚያስተዳድረው ሀብት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ አማካሪ በአብዛኛው በክፍለ ግዛት ይመዘገባል፤ ከ100 እስከ 110 ሚሊዮን ባለው ክልል ምርጫው የራሱ ነው፤ 110 ሚሊዮን ሲደርስ በፌዴራል መመዝገብ ግዴታ ይሆናል፤ ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ከ90 ሚሊዮን በታች ካልወረደ አይወጣም። በሞዴሉ ደንብ የደንበኛን ገንዘብ በእጁ የሚይዝ አማካሪ 35,000 ዶላር፣ ገንዘቡን ሳይይዝ በራሱ ውሳኔ የሚገዛና የሚሸጥ ደግሞ 10,000 ዶላር የተጣራ ሀብት ሊኖረው ይገባል። መዝገብ ለአምስት ዓመት ይጠበቃል፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በዋናው ቢሮ መሆን አለበት። እነዚህን በካርድ ጽፎ መሸምደድ ብቻውን በቂ ነው፤ ባለጉዳይዋም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የተከለከሉ ተግባራት ጉዳይ ግን በሽምደዳ የሚያልፍ አልነበረም፤ ከአስተዳደግ ጋር የተያያዘ ነውና። ለምሳሌ ሞዴሉ ደንብ አማካሪ ከደንበኛው ገንዘብ መበደርን ይከለክላል፤ የሚፈቀደው ደንበኛው ብሮከር ዲለር፣ የአማካሪው ተጓዳኝ ድርጅት፣ ወይም ማበደርን ሥራው ያደረገ የገንዘብ ተቋም ሲሆን ብቻ ነው። የልምምድ ጥያቄው አማካሪው ለሃያ ዓመት ከሚያውቀው ወዳጁና ደንበኛው፣ በጽሑፍ ውል፣ ከባንክ የሚበልጥ ወለድ እየከፈለ ተበደረ ይላል። ባለጉዳይዋ "ውል ካለና ወለዱ ከተከፈለ ምኑ ላይ ነው ነውሩ?" በሚል ተፈቅዷል የሚለውን መረጡ። በባንክ ብድር ክፍል ያደገ አእምሮ ስለ ውሉ መሟላት ያስባል፤ ደንቡ ግን የሚያስበው አደራ ተቀባይ ከአደራ ሰጪው ጋር ዕዳ ውስጥ ሲገባ ምክሩ ወደየት እንደሚያዘነብል ነው። ኪሳራ እንደማይደርስ ዋስትና መስጠት፣ የደንበኛን ምሥጢር ለዘመድ መንገር፣ ከሚመክሩት ምርት የሚያገኙትን ኮሚሽን አለመግለጽ፤ እነዚህ ሁሉ በቅን ልቦና የሚፈጸሙባቸውን ሁኔታዎች ፈተናው እየመረጠ ያቀርባል።

በዚህ ውይይት መካከል ባለጉዳይዋ በየትኛውም የዝግጅት መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ ጥያቄ አነሡ። ከደንበኞቻቸው ከአንዳንዶቹ ጋር በአንድ እቁብ ውስጥ ነበሩ። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው የሌሎቹን ገንዘብ ወስዶ በየወሩ የሚመልስ ስለሆነ፣ አማካሪዋ ቀድመው ቢደርሳቸው ከደንበኛ ተበደሩ ያሰኛቸዋል? ሲሪስ 65 ስለ እቁብ አይጠይቅም፤ እኔም መልሱን በእርግጠኝነት የምሰጥበት ሥልጣን የለኝም፤ ለሕግ ባለሙያ እንዲያቀርቡት ነገርኋቸው። ይሁን እንጂ ከጥናቱ ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ደንቡን በራሳቸው ኑሮ ላይ አውለው መመልከት መጀመራቸውን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ክፍል የልምምድ ውጤታቸው ወደ ኋላ ሲመለስ አላየሁም።

ሁለተኛው ዙር

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 2024 ድረስ የተከተሉት ሥርዓት ቀላል ነበር። ጠዋት ከሥራ በፊት ስለ ሕግ ያነባሉ፤ ማታ ደግሞ ሁሉንም ክፍሎች ያቀላቀሉ ጥቂት የልምምድ ጥያቄዎች ይሠራሉ። የተሳሳቱበትን ጥያቄ መልሱን አይተው አያልፉም፤ ለምን የተሳሳተውን እንደመረጡ በአንድ መስመር ይጽፋሉ። ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ አብዛኞቹ "ያልተጻፈ ነገር ጨመርሁ" እና "ማን እንደሠራው አላየሁም" የሚሉ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ከየሳምንቱ ገጽ ላይ እየቀነሱ ሲሄዱ ማየት ከማንኛውም የልምምድ ነጥብ ይልቅ ዝግጁነታቸውን ያመለክት ነበር።

ሙሉ የልምምድ ፈተና የሚቀመጡት በቅዳሜ ጠዋት፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል ትተው፣ 180 ደቂቃውን ሳያቋርጡ ነበር። ረጅም ጥያቄ ሲገጥማቸው የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አስቀድመው አንብበው ምን እንደተጠየቁ ካወቁ በኋላ ወደ ላይ ይመለሳሉ፤ ይህም "ከሚከተሉት የማይሆነው የቱ ነው" በሚሉት ጥያቄዎች ላይ የነበረባቸውን መሳት በእጅጉ ቀነሰላቸው። የልምምድ ጥያቄዎችን ያቀረበላቸው ድርጅት ስንት በመቶ ሲደርሱ ዝግጁ እንደሚሆኑ ይነግራቸዋል፤ ያን ቁጥር ግን ብዙ አላመንሁበትም። ጥያቄዎቹ ሲደጋገሙ ሰው የሚያስታውሰው የመልሱን ፊደል ጭምር ነውና፣ የመጨረሻዎቹን ልምምዶች ከሌላ አዘጋጅ በተገኙ አዲስ ጥያቄዎች እንዲያደርጉ አደረግሁ። ነጥባቸው መጀመሪያ ወረደ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

በኦክቶበር መጀመሪያ ተፈትነው አለፉ። በፈተና ማዕከሉ የራስን ካልኩሌተር ማስገባት ስለማይፈቀድ በማዕከሉ የተሰጣቸውን ቀላል ካልኩሌተር ተጠቅመዋል፤ ከሒሳብ ጥያቄዎቹ አንዱም እንዳላስጨነቃቸው ነግረውኛል።

ከማለፉ በኋላ

ፈተናውን ማለፍ ፈቃድ ማግኘት አይደለም፤ ይህን የማይረዱ ብዙ ናቸው። ያለፈ ሰው ወይ በነበረ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ወኪል ሆኖ ይመዘገባል፣ ወይ የራሱን ድርጅት ያቋቁማል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተመዘገበ ውጤቱ ዋጋ ያጣል። ባለጉዳይዋ የራሳቸውን ለማቋቋም ወሰኑ። ይህም ፎርም ኤዲቪ የተባለውን ሰነድ ሞልቶ ለሜሪላንድ ተቆጣጣሪ ማቅረብን፣ የዚህኑ ሰነድ ሁለተኛ ክፍል ለደንበኛ የሚሰጥ ብሮሹር አድርጎ ማዘጋጀትን ይጠይቃል። ሜሪላንድ በ2022 የአማካሪ ወኪሎችን ተከታታይ ትምህርት በግዴታ ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ስለሆነች፣ በየዓመቱ ስድስት ሰዓት በሥነ ምግባር፣ ስድስት ሰዓት ደግሞ በምርትና በአሠራር ላይ መማር ይጠበቅባቸዋል።

ማመልከቻውን ግን በዚያው ዓመት አላስገቡም። ምዝገባ በማንኛውም ወር ቢገኝ በዲሴምበር 31 ያበቃል፤ ኖቬምበር ላይ ተመዝግቦ ከሳምንታት በኋላ የእድሳት ክፍያ ከመክፈል ይልቅ ጃንዋሪ 2025 ድረስ መቆየቱን መረጡ። በዚሁ ጊዜ ደንበኞቻቸው ኢትዮ ቴሌኮም ለሽያጭ ስላቀረበው አክሲዮንና በጃንዋሪ ሥራ ስለ ጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ አጥብቀው ይጠይቋቸው ነበር። ሲሪስ 65 በኢትዮጵያ ውስጥ ለመምከር መብት አይሰጥም፤ እዚያ ፈቃድ የሚሰጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1248 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። በሌላ በኩል፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለሚኖር ሰው በክፍያ ስለ አዲስ አበባ አክሲዮን መምከር በአሜሪካ ሕግ ዘንድ ያው ስለ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ መምከር ስለሆነ፣ ምዝገባው እስኪጸድቅ ድረስ ለእነዚህም ጥያቄዎች ገንዘብ አልተቀበሉም።

ብሮሹሩን ሲጽፉ ብዙ ያከራከረን የክፍያው አንቀጽ ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቻቸው ያላቸው ቁጠባ አነስተኛ በመሆኑ በመቶኛ ማስከፈል ለሁለቱም ወገን አያዋጣም፤ ስለዚህ በዓመት 600 ዶላር ቁርጥ ክፍያ አሰቡ። በመጀመሪያው ረቂቅ ይህ ገንዘብ በዓመቱ መጀመሪያ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነበር። ይሁን እንጂ በክፍለ ግዛት የተመዘገበ አማካሪ ከአንድ ደንበኛ ከ500 ዶላር በላይ፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ አስቀድሞ ከተቀበለ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫውን በብሮሹሩ ውስጥ ማውጣት አለበት፤ በፌዴራል ለተመዘገበ ይህ ጣሪያ 1,200 ዶላር ነው። ባለጉዳይዋ ይህን ቁጥር ከካርዶቻቸው በአንዱ ላይ ጽፈው ሸምድደውት ነበርና ረቂቁን እንዳዩ ራሳቸው አስተዋሉት። አንቀጹ ተለውጦ ክፍያው በየሦስት ወሩ 150 ዶላር፣ አገልግሎቱ ከተሰጠ በኋላ የሚከፈል ሆነ።